ለአሶሳ ታሪክ ብዙ እጅ ያስፈልጋል

ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ወዲህ ጉባ የሚለው ስም ከኢትዮጵያ ዜና ጠፍቶ አያውቅም። የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለበት ከዚያ ቀን አንሥቶ ግድቡ እስከተመረቀበት እስከ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ስለ ኮንክሪቱ፣ ስለ ተርባይኑ፣ ስለ ውኃው ከፍታ ብዙ ተነግሯል፤ ተዘፍኗል፤ ተገጥሟል። 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር ተማሪው ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። በግድቡ ዙሪያ ስለሚኖረው ሰው ግን አገሩ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የጉሙዝ እናት ልጇን ምን እያለች እንደምታባብል፣ የበርታ ሽማግሌ የተጣሉ ወንድማማቾችን እንዴት አድርጎ እንደሚያስታርቅ፣ ወላጆቹ በሠፈራ ከወሎ መጥተው አሶሳ የተወለደ ወጣት አገሬ የሚለው የትኛውን እንደሆነ በቴሌቪዥን ድራማም ሆነ በልብ ወለድ መጽሐፍ እምብዛም አይታይም። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከተነሣ ወይ ስለ ግድብ ነው፤ ወይ ስለ ግጭት።

አንድ ቀን ከአሶሳ አንድ ታላቅ ደራሲ ይነሣና አንድ ታላቅ ልብ ወለድ ጽፎ ይህን ጉድለት ይሞላዋል ብሎ መጠበቅ የተለመደ ነው። ቢነሣ እሰየው። ዳሩ ግን በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ፣ በዚያ ላይ አማራው፣ ኦሮሞውና ሌላውም አብሮ የሚኖርበትን ምድር አንድ ሰው ብቻውን ይጻፈው ማለት ለደራሲውም ለክልሉም ከባድ ሸክም ነው። ክልሉ የሚያስፈልገው በአንድ በኩል የፊልምና የድራማ ስክሪፕት የሚጽፉ፣ በሌላ በኩል ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ የጋራ የልብ ወለድ ዓለም የሚገነቡ ደራሲያን ስብስብ ነው። ሁለቱ ሥራዎች ለየብቻ የቆሙ ይመስላሉ እንጂ ይደጋገፋሉ፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይራመዳል።

የጋራ ዓለም ማለት ብዙ ደራሲያን አንድ ከተማ፣ አንድ የዘመን ቅደም ተከተልና አንድ የገጸ ባሕርያት መዝገብ ይዘው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ታሪክ የሚጽፉበት መንገድ ነው። አንዱ ደራሲ የቀበረውን ሰው ሌላው በሕይወት ሊያመጣው አይችልም። አንዱ በክረምት ያስፈረሰውን ድልድይ ሌላው በዚያው ክረምት ሊሻገርበት አይፈቀድለትም። ታሪኩ የየደራሲው ነው፤ ምድሩና ዘመኑ ግን የሁሉም ነው።

ይህ አሠራር ረጅም ልምድ ካካበተባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን በኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወተው ከነበረ ጨዋታ ተነሥቶ "ዋይልድ ካርድስ" የተባለውን ተከታታይ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1987 ጀመረ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1946 በኒው ዮርክ ሰማይ ላይ ከሌላ ዓለም የመጣ ቫይረስ ተበትኖ ብዙዎችን ሲገድል፣ የተረፉትን ጥቂቶች ደግሞ ሲለውጥ የሆነውን ይተርካል። በመጻሕፍቱ ላይ ከ40 የሚበልጡ ደራሲያን እየተፈራረቁ ጽፈዋል። ማርቲን ራሱ በዚያው ሰሞን ለቴሌቪዥን ይጽፍ ነበር፤ ቀን ለስቱዲዮው ስክሪፕት ያዘጋጃል፣ በተረፈው ጊዜ የሌሎቹን ምዕራፎች እየሰበሰበ ያገጣጥማል።

ከማርቲን ይበልጥ ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ የምትሆነው ግን አብራው አርታኢ የሆነችው ሜሊንዳ ስኖድግራስ ናት። ስኖድግራስ የሕግ ባለሙያ ነበረች። ለ"ስታር ትሬክ" ተከታታይ ድራማ ማንም ሳያዝዛት የጻፈችው ስክሪፕት ተቀባይነት አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1989 "ዘ ሜዠር ኦፍ ኤ ማን" በሚል ርእስ ተላለፈ። በድራማው ሰው ሠራሽ የሆነው መኮንን ዳታ ንብረት ነው ወይስ የራሱን ዕድል መወሰን የሚችል ፍጡር የሚለው ክርክር ችሎት ፊት ይቀርባል፤ የሕግ ትምህርቷ ታሪኩ ውስጥ ገብቶ ሠርቷል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ስታር ትሬክም ሌሎች የፈጠሩት ዓለም መሆኑ ነው። የሰው ቤት ገብታ የቤቱን ሕግ ሳትጥስ የራሷን ጥያቄ ጠየቀች። በዋይልድ ካርድስ ደግሞ ዶክተር ታኪዮን የተባለውን ገጸ ባሕርይ ለሌሎች አበረከተች።

እ.ኤ.አ. በ2011 ዋይልድ ካርድስ ፊልም ሊሆን ነው ተብሎ ሲነገር ስክሪፕቱን እንድትጽፍ የተመረጠችው እሷው ነበረች። የፊልሙ ነገር ግን ሳይሳካ ዓመታት አለፉ። መጻሕፍቱ መውጣታቸውን አላቋረጡም። ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን የሚይዝ ደራሲ የሚያገኘው ጥቅም እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ስክሪፕት ካሜራ፣ ገንዘብ፣ ፕሮዲዩሰርና ዳይሬክተር እስኪያገኝ መሳቢያ ውስጥ ሊከርም ይችላል። የጋራው ዓለም ወረቀትና ባልደረባ ካገኘ ይቀጥላል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ የሚመስለው በስሙ ስላልጠራነው ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈው "የቀን ቅኝት" 257 ክፍል ነበረው። ያን ያህል ክፍል በአንድ መንፈስ ማስኬድ የሚቻለው ከመጀመሪያው መስመር በፊት ጥናት ተደርጎ፣ ገጸ ባሕርያቱ ከነአመላቸው በጽሑፍ ተለይተው ሲቀመጡ ነው። አድማጩ በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጻፈ፤ የድራማውን ሰዎች እንደ ጎረቤቱ ቆጠራቸው። በቴሌቪዥን "ሰው ለሰው" መስፍን ጌታቸውን ጨምሮ ከአንድ በላይ ደራሲያን የተረባረቡበት ሥራ ነበር። አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ያላወቀ የከተማ ሰው በዚያ ዘመን ማግኘት ይከብድ ነበር፤ አስናቀን የፈጠረውን ብዕር ግን ስንቱ ያውቃል?

በመጽሐፉም ዓለም ቢሆን መንገዱ ተጠርጓል። አዳም ረታ ሕጽናዊነት ብሎ በሰየመው የአጻጻፍ ስልቱ ሰዎችን፣ ዕቃዎችንና ክስተቶችን ከአንድ ታሪክ ወደ ሌላ ታሪክ እያሻገረ ያስተሳስራል። አንባቢው አንዱ ጋ በጨረፍታ ያየውን ሰው ሌላው ጋ ሙሉ ሕይወት ኖሮት ያገኘዋል። ይስማዕከ ወርቁ ከ"ዴርቶጋዳ" ተነሥቶ "ራማቶሓራ"ን ሲያስከትል አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ ከዓለሙ መውጣት እንዳልፈለገ በገበያው ታይቷል። በውጭ አገር የሚኖረው ብስራት ደበበ ደግሞ ኢታን ኮሚክስን አቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ2018 "ጀምበር" የተባለውን የሥዕል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። ልዩ ኃይል ያገኘው ጀግና አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ምሩቅ ነው። ቀጥሎም "ሀዊ" የተባለች ሴት ጀግና መጣች። አንባቢው የራሱን ሰፈር፣ የራሱን ስምና የራሱን ችግር በሥዕል ታሪክ ውስጥ ሲያገኝ እንዴት እንደሚቀበለው እነዚህ ሥራዎች አሳይተዋል።

እንግዲህ ችሎታው አለ። የጎደለው መዝገቡና ውሉ ነው። ብዙ ተከታታይ ድራማ በደራሲያኑ ትዝታና በስልክ ንግግር እየተመራ ይሄድና ሠላሳኛው ክፍል ላይ እኅት የነበረችው የአክስት ልጅ ትሆናለች፤ ደራሲው በመሀል ከተቀየረ ደግሞ አዲሱ ደራሲ ያለፈውን ሳያነብ ይቀጥላል። ተመልካቹ ይህን ይታዘባል። ታዝቦም ዝም አይልም፤ ሌላ ጣቢያ ይቀይራል።

ሁለቱ ሥራዎች እንዴት እንደሚደጋገፉ በአንድ ትንሽ ምሳሌ ቀረብ ብሎ ማየት ይቻላል። በአሶሳ ዞን ሴቶች ወንዝ ወርደው በባህላዊ መንገድ ወርቅ ያጥባሉ። እንበልና አንድ ደራሲ ዘሃራ የምትባል ወርቅ አጣቢ ፈጠረ። ዘሃራ ትናንት ያገኘቻትን የወርቅ ቅንጣት ለባሏ አልነገረችም። በልብ ወለድ ከሆነ ጉልበቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማ ለምን እንዳልነገረችው ስታወጣና ስታወርድ አንድ ገጽ ሙሉ ሊሄድ ይችላል። ስክሪፕት ግን የሚታይና የሚሰማ ነገር ብቻ ነው የሚቀበለው። ደራሲው "ሲን 12፤ ውጪ፤ ጠዋት፤ ወንዝ ዳር" ብሎ ይጽፍና ሐሳቧን በእጇ ያደርገዋል፦ ዘሃራ ገበታውን ታሽከረክራለች፤ አሸዋው እየቀለለ ይፈስሳል፤ የልብሷን ጫፍ ፈታ ታያለች፤ ግራ ቀኝ ተመልክታ መልሳ አጥብቃ ትቋጥረዋለች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ተመልካቹ ግን ምስጢር እንዳላት ገብቶታል።

አሁን ቋጠሮው የጋራው መዝገብ ውስጥ ይገባል። ባልየውን የሚጽፈው ሌላ ደራሲ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ባልየው ዕዳ ተጠይቆ ቤቱን ሲፈትሽ ያ ደራሲ ቋጠሮው የት እንዳለ ማወቅ አለበት። የወርቅ ነጋዴውን የሚጽፈው ሦስተኛው ደራሲም ዘሃራ ቅንጣቷን እስካሁን እንዳልሸጠች ካላወቀ ታሪኩ ይፈርሳል። ስክሪፕቱ ደራሲውን በዐይን የሚታየውን እንዲጽፍ ያስገድደዋል፤ የጋራው ዓለም ደግሞ ለሌሎች ብሎ የሚያስቀምጠውን እያንዳንዷን ነገር እንዲጠነቀቅላት ያደርገዋል። ወደ ልብ ወለዱ ሲመለስ ገጹ ላይ ትርፍ ሐሳብ አይፈስስም።

አደጋም አለው። ስክሪፕት ቀነ ገደብ አለው፤ ጥቂትም ቢሆን ቅድሚያ ክፍያ አለው። የጋራው ታሪክ ብዙውን ጊዜ በፍቅር የሚሠራ ነው። ስለዚህ የደከመ ደራሲ ለጋራው የሚተርፈው ድካሙ ብቻ ይሆናል። እዚህ ላይ መለኪያውን ማስተካከል ይጠቅማል። በስክሪፕት ዘንድ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው፤ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ዘጠና ገጽ ያህል ይሆናልና የሥራውን እድገት በገጽ መቁጠር ያስኬዳል። የጋራውን ዓለም በገጽ መቁጠር ግን ያሳስታል። እዚያ ሥራ ተራመደ የሚባለው ደራሲያኑ ተስማምተው መዝገብ ላይ ያሰፈሩት ውሳኔ ሲበዛ ነው፦ ገበያው በየትኛው ቀን ይውላል፣ ድልድዩ መቼ ተሠራ፣ የሼኩ ልጅ ማንን አገባች፣ ከየትኛው ቀበሌ የትኛው ቋንቋ ይሰማል። ሦስት ሰዓት ተከራክረው አንዲት እንዲህ ያለች ነገር የወሰኑ ደራሲያን ቀኑን በከንቱ አላሳለፉም።

ለዚህ ሥራ ከአሶሳ የተሻለ ቦታ መፈለግ ያስቸግራል። የበርታ ሕዝብ ዋዛ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አለው። ቅል በቅል ላይ እየተቀጣጠለ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ አንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ነፊዎቹ በርከት ብለው ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ የራሱን አንድ ድምፅ ያገባል። ዜማው የሚሰማው ድምፆቹ ሲያያዙ ነው፤ ከነፊዎቹ ማናቸውም ብቻውን ሊጫወተው አይችልም። ተራውን ያልጠበቀ ወይም ጎልቶ ለመሰማት የቸኮለ ነፊ የሁሉንም ዜማ ያበላሻል። የጋራ ዓለም የሚጽፉ ደራሲያን ትምህርት ቤት ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለባቸውም።

የታሪክ ጥሬ ዕቃውም ሞልቷል። የአካባቢው ገዥ የነበረው ሼህ ኮጀሌ አልሐሰን በወርቅና በንግድ የገነነበት ዘመን ራሱን የቻለ የፖለቲካ ድራማ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ ማግሥት ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች በሠፈራ ወደ አሶሳ የመጡት፣ በመተከል ደግሞ በጣልያን ድጋፍ በተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት ፓዌ ላይ የሠፈሩት ሰዎች ልጆች ዛሬ የልጅ አባትና እናት ናቸው። ሸርቆሌ ከሱዳን የተሰደዱ ሰዎች ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠለሉበት ነው፤ እዚያ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። ኩርሙክ ድንበር ላይ አንድ ቤተሰብ በሁለት አገር ይኖራል። ማንጎው፣ የቆላ ቀርከሃው፣ የማሽላው ገንፎ ከባሚያ ወጡ ጋር፣ የዓባይ ሸለቆ ሙቀት ሁሉ ትዕይንት ለሚፈልግ ደራሲ ተዘርግቶ የቀረበ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ስክሪፕት አይችለውም። አንድ የጋራ ዓለም ግን ዘመን ለዘመን፣ ቤተሰብ ለቤተሰብ አከፋፍሎ ሊይዘው ይችላል።

ተቃውሞ እንደሚነሣ የታወቀ ነው። አንዳንዱ ደራሲ የጋራ ሥራ የግል ድምፄን ይውጠዋል ይላል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን በአንድ ዓለም ውስጥ መጻፍ በአንድ ዓይነት አማርኛ መጻፍ ማለት አይደለም። እንዲያውም የዘሃራ ደራሲና የነጋዴው ደራሲ አንድን ጠዋት ከሁለት ወገን ሲጽፉት ነው የየራሳቸው ድምፅ ጥርት ብሎ የሚለየው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። በመተከል በቅርብ ዓመታት የፈሰሰው ደም ገና አልደረቀም። ሰው ቤቱን፣ ወገኑን አጥቷል። በእንዲህ ያለ ምድር ልብ ወለድ መጻፍ ቁስል መነካካት አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ በተለይ ጻፊው አንድ ወገን ብቻ ሲሆን። የጉሙዝን ሰው ሁልጊዜ ቀስት አንጋች፣ ሠፋሪውን ሁልጊዜ መሬት ነጣቂ አድርጎ የሚያይ ብዕር ካለ ጉዳቱ ከዝምታ ይብሳል። የጋራው ዓለም መድኃኒትነቱ እዚህ ላይ ነው። የጉሙዙን አባት የሚጽፈው ጉሙዝ ሆኖ፣ የሠፋሪውን ልጅ የሚጽፈው የሠፋሪ ልጅ ሆኖ፣ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ገጽ አንብቦ ሳይስማማ አንድም ትዕይንት ወደ መዝገቡ አይገባም ከተባለ የጽሑፍ ክፍሉ ራሱ የንግግር ቦታ ይሆናል። ሥራው ዕርቅን አይተካም። ሰዎች ግን የሌላውን ኀዘን በራሳቸው እጅ ለመጻፍ ሲሞክሩ በቀላሉ አይጠሉትም።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሽናሽኛ ደግሞ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ እንደ አዲስ አበባ ልጅ የሚያናግር ስክሪፕት የአካባቢውን ሰው ጆሮ ይጎረብጠዋል። ሽማግሌው በርታኛ ይናገር፤ የልጅ ልጁ ወደ አማርኛ ይመልስለት፤ ገበያ ላይ ቋንቋው ይቀላቀል። ሕይወቱ እንዲህ ነውና ጽሑፉም እንዲህ ቢሆን ያምራል። በጋራ የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ ቋንቋውን በልማድ የሚያውቀው ሰው አጠገብ አለ።

የመብቱን ነገር ከወዲሁ ማሰብ ይገባል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጻፈ ሥራን ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐሳብን ግን በሐሳብነቱ አይጠብቅም። ዘሃራን ፈጥሮ መዝገብ ላይ በሁለት መስመር ብቻ ያሰፈረ ደራሲ ሌላው ወስዶ ፊልም ቢሠራባት በሕጉ ብቻ ተማምኖ መከራከር ይቸግረዋል። መፍትሔው ቀድሞ መዋዋል ነው። በዋይልድ ካርድስ የአንዱን ገጸ ባሕርይ ሌላው ሲጠቀም የፈጣሪው ፈቃድ ይጠየቃል፤ ድርሻም ይሰጠዋል። ዐሥርት ዓመታት አብረው የቆዩት በመዋደድ ብቻ ሳይሆን በዚህ ሥርዓትም ጭምር ነው። በእኛ ዘንድ ግን ከጓደኛ ጋር መዋዋል እንደ ጥርጣሬ ይቆጠራል፤ ብዙ ጓደኝነት የፈረሰው ግን ውል ባለመኖሩ ነው።

ጅምሩ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ፊልም ውድ ነው፤ የሬዲዮ ድራማ ግን ማይክሮፎን፣ ተዋንያንና ጥሩ ጽሑፍ ካገኘ ሸርቆሌም፣ መንጌም፣ ጉባም ይደርሳል። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ክፍልና አንባቢ አለው። የክልሉ መገናኛ ብዙኃን የአየር ሰዓት አለው። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የሽማግሌዎቹን ስምና መንደር ያውቃል። ሦስቱ ተነጋግረው ከየብሔረሰቡ የተውጣጡ ጥቂት ወጣት ደራሲያንን ለአንድ ዓመት ቢቀጥሩ፣ በሳምንት አንዴ የዐሥራ አምስት ደቂቃ ድራማ ቢያስተላልፉ፣ ከዚያው ዓለም የወጡ አጫጭር ልብ ወለዶችን ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ በአንድ መድበል ቢያሳትሙ ከሁለቱም ሥራ የሚገኘው ይታያል። የተሻለው ታሪክ በሂደት ወደ ፊልም ስክሪፕት ያድጋል።

ከዚህ በፊት ግን የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ አንድም ገጸ ባሕርይ ሳይፈጠር፣ ሦስት ጥያቄ ተጽፎ ይመለስ፤ መዝገቡን ማን ይይዛል? የሌላውን ገጸ ባሕርይ የሚጠቀም ደራሲ ከማን ያስፈቅዳል? ታሪኩ ለፊልም ቢሸጥ ክፍያው እንዴት ይከፈላል? ደራሲያኑ ፈርመው አንድ አንድ ቅጂ ይያዙ። ደመወዛቸውም እንደማንኛውም ባለሙያ ደመወዝ በበጀት ይያዝላቸው።